እግሬን ጭፈራ ያስተማረኝ ሰው

ሠርግ ላይ ሰዎች እጄን ይዘው «ተነስ እንጂ! ምን ተጎልተሃል?» ሲሉኝ፣ አልችልም እላለሁ። ውሸቴን ነው። እችላለሁ። እየዘፈኑ መጨፈር፣ ትንፋሽ ሳይቆረጥ መዞር፣ ጉልበት አላልቶ መሬት መርገጥ፣ ሁሉንም አሳምሬ እችላለሁ። ያስተማረኝ ሰው ጥሩ አስተማሪ ነበር። ከአንድ ሰሃን አብረን የበላን፣ አባቴ ፊት ተቀምጠን አሊፍ ባ የቆጠርን ሰው ነው። ዛሬ ያን ሰው መንገድ ላይ ሳየው ወደ ማዶ እሻገራለሁ። ቂመኛ ነህ ይሉኛል። አዎ፣ ነኝ። ምን ይጠበስ?

ነገሩ የሚጀምረው ከኳየራችን ነው። ኳየር ስላችሁ የቤተ ክርስቲያን እንዳይመስላችሁ። የእኛ የመካነ ሰላም ከተማ ኳየር የመምህሩ፣ የነርሷ፣ የግብርና ባለሙያው፣ የሱቅ ነጋዴው ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አለበት። ትምህርት ቤት ሲመረቅ፣ እንግዳ ሲመጣ፣ በዓል ሲሆን ኑ ዝፈኑ እንባላለን፤ ሄደን እንዘፍናለን፤ ለስላሳ ጠጥተን እንመለሳለን። ያሰባሰበን እሱ ነው፣ ጓደኛዬ። የእንስሳት ሐኪም ነው። ሞተር ሳይክል አለው፤ ቀን በየቀበሌው እየዞረ ከብት ይከትባል፣ ማታ ማታ እኛን ይሰበስባል። ምላሱ ማር ነው። እኔን የፊዚክስ አስተማሪውን፣ ከክፍሌ ውጭ ድምፄን አውጥቼ የማላውቀውን፣ «አንተ ድምፅህን ለማን ነው የምታስቀምጠው?» ብሎ ጎትቶ ያስገባኝ እሱ ነው።

ታዲያ የምንዘፍነው ቀጥ ብለን ነበር። እጅ ወደ ታች፣ ዓይን ወደ ፊት፣ ባንዲራ እንደሚሰቅል ተማሪ። ማንም እንቅስቃሴ ጠይቆን አያውቅም፤ እኛም አስበነው አናውቅም። አንድ ቀን ጓደኛዬ እየሮጠ መጣና ደሴ ላይ የአፍሪካ ዘፈኖች ዝግጅት እንዳለ፣ ከየወረዳው ቡድን እንደተጋበዘ፣ እኛም እንደምንሄድ ነገረን። ዘፈኖቹን የምታስተምረን ደግሞ ከሐዋሳ የመጣች አንዲት ወጣት የሙዚቃ መምህርት ነበረች። የመጀመሪያ ቀን አሰልፋ ሰማችን፤ አጨበጨበችልን፤ ከዚያ «ድምፃችሁ ግሩም ነው። ግን ሞታችኋል እንዴ?» አለችን።

እነዚህ ዘፈኖች ቆመው አይዘፈኑም አለችን። እግር ከሌለ ዘፈኑ የለም አለች። ከደቡብ አፍሪካ አንድ፣ ከኮንጎ አንድ፣ በስዋሂሊ አንድ ነበር። ግጥሙን በድምፁ እየቀዳን በቃል ያዝነው፤ ለእሱ ማንም አይበልጠንም። መከራው የመጣው «በሉ አሁን እየተንቀሳቀሳችሁ» ያለች ጊዜ ነው። ግማሹ ትከሻውን መምታት ጀመረ። «ትከሻችሁን ተዉት! ከትከሻ በታች ሰው የለም እንዴ?» ብላ ጮኸች። በልጅነቱ ዲያቆን የነበረው የአማርኛ መምህር መቋሚያ የያዘ ይመስል ወደ ግራ ወደ ቀኝ ዘመም ዘመም ይላል። እኔ ደግሞ የባሰብኝ ነበርኩ። ቁርኣን ቤት ያደገ ሰው በቃሉ የያዘውን ነገር ዝም ብሎ ማለት አይሆንለትም፤ ወገቡ በራሱ ጊዜ ወደ ፊት ወደ ኋላ ይላል። የስዋሂሊውን ዘፈን ስጀምር ወገቤ ሄደ። እሷ ግራ ገብቷት «መምህር፣ ለምንድን ነው የሚሰግዱት?» ስትለኝ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጓደኛዬ ከሁሉም በላይ ሳቀ፤ ምክንያቱም እሱም ያንኑ እያደረገ ነበር። አንድ አባት ያስተማረን ነና።

ለሳምንታት እንዲሁ ተቸገርን። እግራችን ሲሄድ አፋችን ይዘጋል፤ አፋችን ሲከፈት እግራችን ይተከላል። እቴቴ የምንላቸው ጡረታ ሊወጡ የደረሱ ነርስ ነበሩ፤ «እኔ ልጆቼ፣ ከሁለት አንዱን ምረጡልኝ፤ ወይ ልዝፈን ወይ ልዝለል» ይሉ ነበር። አሰልጣኟ «መሬቱን ተጫኑት፣ መሬቱን!» እያለች ትለፋለች። ምኑን እንጫነው? ተስፋ ቆርጣ ልትተወን ስትል ነው ጓደኛዬ ድንገት እጁን ያጨበጨበው።

«ጤፍ ማስረገጥ ነው!» አለ። «አንተ፣ የሸህዬን የጤፍ ማሳ እንዴት ነበር የምናስረግጠው?»

ሸህዬ የሚላቸው አባቴን ነው፤ ወደ አባይ በረሃ በሚወርደው አፋፍ ላይ ቁርኣን ያስቀራሉ። ጤፍ ሊዘራ ሲል ደረሳው፣ ቁርኣን ተማሪው ሁሉ ተሰልፎ ከበጎቹና ከአህዮቹ ጋር ማሳውን ይረግጣል። አፈሩ ካልጠበቀ ዘሩ ጠልቆ ይቀራል። እየረገጥን መንዙማ እንላለን፤ አንዱ ያወርዳል፣ ሌላው ይቀበላል። ጓደኛዬ ከኋላዬ መጥቶ ወገቤን ያዘና «እርገጥ፣ ጭቃው ይይዝሃል፣ ቀስ ብለህ አውጣው፣ እርገጥ» አለኝ። ረገጥኩ። ዘፈኑን አወረድኩ። አፌም አልተዘጋም፣ እግሬም አልቆመም። አሰልጣኟ አፏን ይዛ ቆመች። ከዚያ ወዲያ ገበሬ ዘር ያለበት ሁሉ ገባው፤ ከተማ ያደገውም ከእኛ ተማረ። በዚያች ምሽት ወደ ቤቴ የሄድኩት መንገዱን እየረገጥኩ ነው። በዚህ ዕድሜዬ ሰውነቴ የራሴ የሆነ መሰለኝ። ደስታዬን ምን ልበላችሁ!

ከዚያ በኋላም ጓደኛዬ አልተወኝም። በየቀኑ ሥራ ስንጨርስ ክሊኒኩ ጓሮ፣ ከብት የሚከተብበት አጥር ጋ ወስዶ ያሠራኛል። አጥሩን አስይዞ ያስረግጠኛል፤ ከዚያ እጄን ያስለቅቀኛል፤ ከዚያ ያዞረኛል። የሚከተቡ በሬዎች ተሰልፈው እያዩን ነበር የምንጨፍረው። የደቡብ አፍሪካውን ዘፈን የማወርደው እኔ እንድሆን የወሰነውም እሱ ነው። ሌላ ማንም ግጥሙን እስከ መጨረሻው አልያዘውም ነበር። «አንተ ከሌለህ ዘፈኑ የለም» አለኝ። ያን ጊዜ ውዳሴ መስሎኝ ነበር።

በዚህ መሃል አባቴ ታመሙ። መታመም እንኳ አይባልም፣ ደከሙ እንጂ። ምግብ ተዉ፤ ከመደባቸው መነሳት ተዉ። ጉዞው ሲቃረብ አንድ አርብ ጓደኛዬ በሞተሩ ይዞኝ ወረደ። ሁለት ሰዓት ያህል መንገድ ነው፤ መጨረሻው ላይ ሞተሩን አቁሞ በእግር ነው። ታላቅ ወንድሜ አብሯቸው ነው የሚኖረው፤ እርሻውንም እሳቸውንም የያዘው እሱ ነው። ከእርሻው እንደመጣ በር ላይ ተቀብሎን ወደ በጎቹ ሄደ። እኔና ጓደኛዬ ገብተን እጃቸውን ሳምን።

«ምን ትሠራላችሁ ከተማ?» አሉን።

ጓደኛዬ ነው የነገራቸው። «ሸህዬ፣ ልጅዎ ጨፋሪ ሆኗል» አላቸው። ደነገጥኩ። አባቴ ሸህ ናቸው፤ ይቆጣሉ ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን ክርናቸውን ተደግፈው ቀና አሉና «እስቲ አሳየኝ» አሉኝ። ወላሂ እንደዚያ ያፈርኩበት ቀን የለም። ጫማዬን አውልቄ፣ በካልሲዬ፣ በዚያ ቁርኣን በቀራሁበት ቤት ውስጥ ረገጥኩ፤ ጓደኛዬ ተቀበለኝ። አባቴ ሳቁ። እስኪያስላቸው ሳቁ። «ይህስ የኔ ማሳ ላይ የተማራችሁት ነው፤ ኪራይ መክፈል ነበረባችሁ» አሉ። ከዚያ አስቀመጡኝና እጄን ያዙኝ።

«ቀኔ ሲደርስ አንተ እጠበኝ» አሉኝ። «ወንድምህ ደግ ነው፤ እጁ ግን ችኩል ነው፤ ሁሉንም እንደ እርሻ ነው የሚይዘው። አንተ ረጋ ትላለህ። ሌላ ምንም አልጠይቅህም።»

እኛ ዘንድ አባት ሲሞት አስከሬኑን የሚያጥበው ልጅ ነው። አባት ደግሞ በቁሙ ከልጆቹ መርጦ አንተ እጠበኝ ሲል ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። ምን ብዬ ልመልስ? አባባ ይተዉት፣ ይድናሉ፣ ምናምን አልኩ። «ደሴም አልሄድም» አልኩ። እንደምቀር ሲያውቅ ጓደኛዬ ፈጥኖ ገባ። «ሸህዬ፣ አይስጉ። ምንም ነገር ቢሰማ እኔ ራሴ በሞተሬ አመጣዋለሁ። ወላሂ! ስልክ ቁጥሬን ለወንድሙ እሰጣለሁ፤ ሌሊትም ቢሆን ቀንም ቢሆን።» አባቴ አዩትና «አደራህን» አሉት። ይቺን ብቻ ነው ያሉት። እሱም «አደራው ደርሶኛል» አለ። በጆሮዬ ነው የሰማሁት፤ አጠገቡ ነበርኩ። ስንወጣ ስልክ ቁጥሩን ለወንድሜ ሰጠው። እንዲሰጠው ያደረግኩትም እኔ ነኝ፤ ምክንያቱም መርዶ ለልጅ በስልክ አይነገርም። ለሚያመጣው ሰው ነው የሚነገረው።

የጉዞው ቀን ቅዳሜ ነበር። ባለቤቴ ልጆቹን ይዛ እህቷን አራስ ልትጠይቅ ኩታበር ሄዳለች፤ ብቻዬን ነው ያደርኩት። ሱብሂ ሰግጄ፣ ልብሴን ተኩሼ፣ ጎህ ሲቀድ መናኸሪያ ደረስኩ። ብርዱ ለጉድ ነው። ቅጥቅጡ አውቶብስ ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል። ጓደኛዬ ከሁላችንም ቀድሞ መጥቶ፣ ጥግ ላይ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ጀርባውን ሰጥቶን ያወራ ነበር። ሲጨርስ መጣና አቀፈኝ። እንደዚያ አቅፎኝ አያውቅም። «ዛሬ ያንተ ቀን ነው» አለኝ። ከፊት፣ ከሹፌሩ ኋላ ያለውን ወንበር ሰጠኝ። እኔ ጅሉ ደስ አለኝ።

አቀስታ ላይ ለቁርስ ወረድን። እጄን ልታጠብ ሄጄ ስመለስ ኳየሩ በሙሉ ጓደኛዬን ከቦ ቆሟል። ስደርስ ዝም አሉ። የሆነ ነገር እየተወሰነ ይመስላል። መድረክ ፈርተው ነው አልኩ በልቤ፤ ለማረጋጋትም «አይዟችሁ፣ ምን ትፈራላችሁ?» ብዬ አንዱን ትከሻውን መታሁት። ፊቱን አዞረ። ከዚያ ወዲያ የነበረውን ደግነት ልንገራችሁ፤ አንዱ ዳቦ ይገዛልኛል፣ ሌላው ሻዬን ያማስልልኛል፣ አሰልጣኟ ጃኬቷን ጉልበቴ ላይ ጣል ታደርጋለች። እቴቴ አጠገቤ ተቀምጠው «ብላ ልጄ፣ ብላ፣ ሆድህን አታስርበው» እያሉ ያጎርሱኝ ነበር። ዓይናቸው ቀልቷል። «እቴቴ፣ አመመዎት እንዴ?» ብላቸው «አቧራው ነው» አሉኝ።

ደሴ እንደገባን ለወንድሜ ደወልኩ። አባባ እንዴት አደሩ ልለው ነበር። ጠራ፣ ጠራ፣ አላነሳም። ደግሜ ደወልኩ፤ አላነሳም። ለጓደኛዬ ነገርኩት። «አብሽር፣ በጎቹ ጋ ሆኖ ነው» አለኝ። እኛ ወሎዎች አብሽር የምንለው ልብ ሊሰበር ያለ ሰው እንዳይሰበር ነው። ይህንን ቃል በዚያች ሰዓት፣ በዚያ አፉ፣ እንዴት አወጣው? እስካሁን አይገባኝም።

መድረኩ ላይ የሆነውን መካድ አልችልም። በሕይወቴ እንደዚያ ሆኜ አላውቅም። አወረድኩ፣ ተቀበሉኝ። ረገጥኩ፣ ከኋላዬ ሁሉም ረገጡ፤ ጣውላው ከሥራችን ይጮህ ነበር። ሰው ተነሳ። ከፊት ያሉት ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ተነሱ። ትንፋሼ አልተቆረጠም፤ ድምፄ ከኔ ቀድሞ አዳራሹን ሞላው። ዞር ስል እቴቴን አየኋቸው፤ እየረገጡ፣ እየተቀበሉ፣ እንባቸው በጉንጫቸው ይወርዳል። ደስታ ነው አልኩ። እኔም አለቀስኩ። አቤት ደስታ! በዚያ ዕለት ከኔ ላይ የተሰረቀው አባቴ ብቻ አይደሉም፤ ያ ደስታም ተሰርቋል። አንዴ እንኳ ንጹሕ አድርጌ ላስታውሰው አልችልም።

ደሴ አድረን እሑድ አመሻሽ ላይ ተመለስን። ሰኞ ሱብሂ ሰግጄ ሳልጨርስ በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ኳየሩ በሙሉ ደጄ ላይ ቆሟል፤ ወንዶቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ አቋቋም ሰው ደጅህ ላይ ካየህ ማንም ምንም ሊልህ አያስፈልግም። ጓደኛዬ ነው የያዘኝ። ደረቱ ላይ ተደፍቼ ነው ያለቀስኩት። «እኛም አሁን ነው የሰማነው» አለኝ። አመንኩት። አመሰገንኩትም! በሞተሩ ኋላ አስቀምጦ፣ አንድ እጁን ወደ ኋላ ልኮ ጉልበቴን ይዞኝ ነው የወረድነው። መንገዱን በሙሉ ዱዓ አደረግኩለት።

ደረስኩ። ቀብር ካለፈ ሦስተኛው ቀን ነው። ዳሱ ሙሉ ነው። ወንድሜ ተቀምጦ ነበር፤ ሲያየኝ አልተነሳም። ጎንበስ ብዬ ስስመው ጉንጩን እንደ ድንጋይ አድርጎ ሰጠኝ። «መጣህ?» ብቻ አለኝ። ሀዘን ነው አልኩ። ረፋዱ ላይ ኳየሩ አይሱዙ ተከራይቶ ደረሰ፤ ገብተው አለቀሱ፣ ተቀመጡ። እኔ ወንድሜ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ሰዉ ትንሽ ፋታ ሲያገኝ፣ ወንድሜ ሳያየኝ፣ መሬት መሬቱን እያየ ተናገረ።

«እኛ ከሰዓት፣ እስከ አስር ሶላት ልንጠብቅህ ነበር» አለ። «አንተ ቅበሯቸው ካልክ ምን እናድርግ?»

«እኔ?»

«ጀናዛውን አታቆዩ፣ ለኔ ብላችሁ እንዳትጠብቁ፣ ሥራ ላይ ነኝ፣ ታላቄ ይጠባቸው አላልክም?» ጋቢውን ወደ ትከሻው ሰበሰበ። «ሥራህንም አየነው። ልጆቹ ስልካቸው ላይ አሳዩኝ። እኛ አፈር ስናለብሳቸው አንተ ስትዘል።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ቀጥሎ መናኸሪያው ታየኝ፤ ጀርባውን ሰጥቶን ሲያወራ። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ። ሞተሩ እኮ እቤቱ ደጃፍ ቆሟል! ሁለት ሰዓት መንገድ ነው! ከቀትሩ፣ ከዙህር ሶላት በፊት እደርስ ነበር፤ ውሃውን አሙቄ፣ ረጋ ብዬ፣ እንደጠየቁኝ አጥቤያቸው ለአስር እቀብራቸው ነበር። ጓደኛዬ ዳሱ በር ላይ ለለቀስተኛ ውሃ እያደለ ነበር። ሄጄ ከነጣሳው ክንዱን ያዝኩት።

«መቼ ነው የሰማኸው?»

ፊቴን አየ። ሊዋሽ እንደማይችል ገባው። «ቅዳሜ» አለ።

«ቅበሯቸው ያልኩት መቼ ነው?»

«ስማኝ» አለኝ፣ ያንኑ ማር ምላሱን ይዞ። «መርዶ በመንገድ አይነገርም፤ ታውቃለህ። ሰው ተሰብስቦ፣ ወግ ባለው ሁኔታ ነው። ጀናዛም ባይቆይ ነው የሚወደደው፤ ሸህዬ ራሳቸው ያስተማሩን ነው። አንተ ባትኖር ያ ሁሉ ሰው፣ ያ ሁሉ ልፋት ምን ይሆን ነበር? ለሁለት ቀን ብቻ ነው ያቆየሁት። ላንተም ብዬ ነው።»

ለእኔ! በአባቴ ትምህርት ነው አባቴን የነጠቀኝ። ወጉን ሁሉ ያውቃል፤ በወጉ ተከናንቦ ነው የገባው። መርዶን የምንደብቀው ሰው እንዳይጎዳ ነው፤ እሱ የደበቀው ዘፈኑ እንዳይጎዳ ነው። አደራ በላ! ጮኼ ነው ያልኩት፤ ዳሱ በሙሉ ዞረ። ክንዱን እንደያዝኩ እየጎተትኩ ወንድሜ ፊት አቆምኩት።

«ንገረው» አልኩ። «እኔ እንዳልሰማሁ ንገረው።»

አባቴ ቤት በልቶ ያደገ ሰው፣ ወንድሜን ዓይን ለዓይን እያየ፣ ዝም አለ። ወንድሜ እሱን አየ፣ እኔን አየ፤ ማመን እንዳልፈለገ ያስታውቃል። ወደ ኳየሩ ዞርኩ። «እናንተ ታውቃላችሁ! አቀስታ ላይ ከቦ የነገራችሁ ይህንን አይደለም? አንድ ሰው ይናገር!» የአማርኛ መምህሩ ጫማውን ያያል። አሰልጣኟ ፊቷን በሻርፗ ሸፍናለች። ሻዬን ያማሰሉልኝ፣ ዳቦ የገዙልኝ ሰዎች ናቸው። ከኋላዬ እየረገጡ የተቀበሉኝ ሰዎች ናቸው።

በመጨረሻ እቴቴ ተነሱ። «አልሰማም ነበር» አሉ ለወንድሜ። «እኛ ነን የደበቅነው። ሁላችንም ቀብሩ አልፏል ተብሎ ነው የተነገረን፤ ልንመልሰው የምንችለው ነገር የለም ብለን ነው። እስከ አስር እንደሚጠበቅ አላወቅንም ልጄ። ቢሆንም ልንነግረው ይገባ ነበር። እያየሁት ነው የዘፈንኩት።» ከዚያ ቁጭ ብለው ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጨመሩ።

ለካ እነሱንም ዋሽቷቸዋል። ይህ ቁጣዬን ይቀንሰዋል የሚል አለ። አልቀነሰውም። የአባቴ ሞት ሆዳቸው ውስጥ እያለ አብረውኝ ጨፍረዋል።

ከለቀሶ ቤት ሰው አይባረርም። ወሎ ውስጥ ደመኛ እንኳ ለቀሶ ከመጣ ይቀመጣል። ወንድሜ ግን ተነስቶ ጣሳውን ከጓደኛዬ እጅ ወሰደና «ሂድ» አለው። ጓደኛዬ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ አጎቶቻችን ፊታቸውን አዞሩበት። ሄደ። ሞተሩ ሲነሳ ከሩቅ ሰማነው። ከዚያ ኳየሩም አንድ በአንድ ተነሳ፤ ማንንም አልሸኘሁም።

ወንድሜ ወደ ቦታው ተመልሶ አጠገቤ ተቀመጠ። አሁን ይቅር ይለኛል፣ እቅፍ ያደርገኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን ፊቱ ከቅድሙ ብሶ ጠቁሯል።

«አባባን ያጠብኩት እኔ ነኝ» አለ።

«አውቃለሁ» አልኩት። «አላህ ይስጥህ።»

«አታውቅም። ቅበሯቸው ብሏል የሚለውን ሰምቼ ነው ወደሳቸው የገባሁት። እጄ እሳቸው ላይ ነበር፣ አፌ አንተ ላይ። ከራሳቸው እስከ እግራቸው አንተን እየረገምኩ ነው ያጠብኳቸው። አንዲት ዱዓ አላደረግኩላቸውም፤ ከንዴቴ የተነሳ ጠፋችብኝ።» ታላቄ ነው፤ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር። «ለካ አንተ አላልክም። አሁን እኔ ምን ላድርግ? እንደገና አላጥባቸው ነገር።»